ስፋትን በጣት የሚያስቆጥር ሣጥን

ጎንደር ፒያሳ ካለ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ለአራተኛ ክፍል ልጄ የገዛሁት የእንጨት ካሬዎች ሣጥን ለወጣበት ገንዘብ የሚገባ ነው። የእያንዳንዱ ካሬ ጎን 1 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ልጁ 6 በ4 የሆነ ሬክታንግል ሲሞላ 24 ካሬ ሴንቲ ሜትር ምን ማለት እንደሆነ በጣቱ ይቆጥራል፤ ከዚያ ወዲያ ርዝመትን በወርድ ማባዛት የቃል ሽምደዳ መሆኑ ይቀራል።

ከሁሉ የወደድሁት ግን ስፋትንና ዙሪያን የሚለይበትን መንገድ ነው። 5 በ5 እና 9 በ1 አድርጋችሁ ደርድሩለት፤ የሁለቱም ዙሪያ 20 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ስፋታቸው ግን 25 እና 9! ልጄ አላመነም፤ ደጋግሞ ቆጠረ። ብዙ ልጆች የሚምታታባቸው እዚሁ ላይ ነውና ቸኩላችሁ አትለፉት።

በሣጥኑ ውስጥ ከካሬዎቹ ጋር ያሉት ጎነ ሦስቶች ግን አላረኩኝም። ሁለቱ ሲገጠሙ ሙሉ ሬክታንግል መስጠት ሲገባቸው፣ አቆራረጣቸው ስለተዛነፈ ክፍተት ይተዋሉ። ግማሽነታቸውን ለማሳየት ካርቶን በመቀስ ቆርጬ ተጠቀምሁ። መመሪያውም በእንግሊዝኛ ብቻ መሆኑ ያሳዝናል፤ ለጎንደር ልጅ በአማርኛ ሊጻፍለት ይገባ ነበር። ካሬዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ሕፃን ያለበት ቤት ሣጥኑን ከፍ ካለ ቦታ ያኑረው።