የተበከለ የከርሰ ምድር ውሃ፦ ስቦ ማጣራት ወይስ ለባክቴሪያ መተው?

የተቀበረ የማደያ ታንክ አፍስሶ የከርሰ ምድር ውሃ ሲበክል ሁለት አማራጮች ይነጻጸራሉ፤ ውሃውን በፓምፕ ስቦ ማጣራት፣ ወይም የአፈር ባክቴሪያዎች ብክለቱን እስኪያከስሙት በመቆጣጠሪያ ጉድጓዶች እየለኩ መጠበቅ።

መጠበቁ ወጪው ያንሳል፤ ኦክስጅን ካለ እንደ ቶሉይን ያሉት የነዳጅ ክፍሎች በባክቴሪያ ይሰባበራሉና። ኤምቲቢኢ የተባለው የቤንዚን ተጨማሪ ግን በውሃ ውስጥ በቀላሉ ሟሙቶ ሩቅ ይጓዛል፤ ናሙናው በጠርሙስ ሲቀዳ ጥርት ብሎ እየታየ እንደ አኳራጅ ይሸታል። በካሊፎርኒያዋ ሳንታ ሞኒካ፣ በዚሁ ኬሚካል ሳቢያ በ1996 እ.ኤ.አ. የተዘጉት የቻርኖክ የመጠጥ ውሃ ጉድጓዶች ማጣሪያ ተተክሎላቸው አገልግሎት የጀመሩት ከ10 ዓመት በላይ ቆይተው ነው።

ስለዚህ ሰው የሚጠጣው ጉድጓድ በአቅራቢያው ካለ፣ ውድ ቢሆንም ፓምፑን እመርጣለሁ። ሆኖም አፈር ላይ የተጣበቀው ነዳጅ ቀድሞ ካልተወገደ፣ ፓምፑ በቆመ ማግስት ብክለቱ እንደገና ይጨምራል።