የግድግዳ ሶኬት ስትገዙ ጎኑን እዩት

ቤት እያደሳችሁ ከሆነ ፍርዴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ለፍሪጅ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለውሃ ማፍያ «ሁሉን ይቀበላል» እየተባለ የሚሸጠውን ሶኬት አትግዙ። ሹኮ የሚባለውን፣ ገባ ያለ ክብ ጉድጓድ ያለውን የአውሮፓ ዓይነት ግዙ። ሁለቱንም ኮንዶሚኒየም ቤታችን ውስጥ አስገጥመን እየተጠቀምንባቸው ነው። ልዩነታቸው የመልክ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ሁሉን ተቀባዩ። ቀዳዳዎቹ ቅርጻቸው የተደበላለቀ ነው፤ ክብም ጠፍጣፋም እግር ይገባባቸዋል። ሰው ለምን እንደሚወደው ይገባኛል። አክስቴ ከሪያድ ያመጣችልን ጁስ መፍጫ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው የእንግሊዝ ዓይነት ነው። ሹኮ ላይ በፍጹም አይገባም። እዚህኛው ላይ ግን ያለ ምንም መቀየሪያ ይሰካል። ሦስተኛው ረጅም እግርም ኧርዙን፣ ማለትም ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወርድበትን መስመር፣ ያገኛል። ከዐረብ አገር የመጣ ዕቃ ለሞላበት ቤት አንድ ሁለት ቦታ ላይ ቢኖር ጥሩ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው የአውሮፓውን ስትሰኩበት ነው። አብዛኞቹ እዚህ ሱቅ የምናገኛቸው ፍሪጆችና ማጠቢያ ማሽኖች ወንዴያቸው፣ ሶኬቱ ላይ የሚሰካው ጫፍ፣ ክብ ነው። ሁለት ወፍራም እግር አለው፤ ግራና ቀኙ ላይ ደግሞ ብረት ይታያል። ያ የጎን ብረት ኧርዙ ነው። ሁሉን ተቀባዩ ሶኬት ጎኑን የሚነካበት ምንም ነገር የለውም። ሁለቱ እግሮች ይገባሉ፣ ማሽኑም ይሠራል። አረንጓዴና ቢጫው የኧርዝ ሽቦ ግን ግድግዳው ውስጥ በሥርዓት ታስሮ እያለ ማሽኑ ጋ አይደርስም።

ይህን በዓይናችን ያሳዩን ሶኬቶቹን የገጠሙልን ኤሌክትሪሽያን ናቸው። ብሬከሩን አጠፉ። ሁለት ጫፎቹ በብረት ሲገናኙ የሚጮኸውን መለኪያ፣ የመልቲሜትራቸውን አንዱን ጫፍ የማጠቢያው የጀርባ ብረት ላይ፣ ሌላውን የኧርዙ ሽቦ ላይ አደረጉ። ዝም። ከዚያ ወንዴውን ነቅለው አጠገቡ ያለው ሹኮ ላይ ሰኩትና ያንኑ ደገሙ። መልቲሜትሩ ጮኸ። «የኔ ልጅ፣ ማሽኑ ውስጥ ሽቦ ቢላጥ ኤሌክትሪኩ መሬት የሚወርደው በዚህ ነው። ይህ ከሌለ በአንቺ በኩል ነው የሚወርደው» አሉኝ። እርጥብ ወለል ላይ ቆሜ ልብስ የማወጣ ሰው ስለሆንኩ ነገሩ ገብቶኛል።

ሌላም አለ። ሁሉን ተቀባዩ ብዙ ዓይነት እግር እንዲያስገባ ስለተሠራ አንዱንም አጥብቆ አይዝም። ካውያ ስሰካበት ወንዴው ይወዛወዛል፤ ትንሽ ቆይቶ የሶኬቱ ፊት ይሞቃል። ሹኮው ላይ ያው ካውያ ንቅንቅ አይልም። ለመንቀል ሁለተኛ እጅ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ነው መሆን ያለበት።

ሹኮን መለየት ቀላል ነው። ገባ ያለ ክብ ጉድጓድ አለው፤ ከጉድጓዱ ዳርና ዳር ሁለት የብረት ምላስ ብቅ ይላል። ክብ ጉድጓድ ስላያችሁ ብቻ ግን አትርኩ። ምላስ የሌለው፣ ያለ ኧርዝ የተሠራ ርካሽ ክብ ሶኬትም ገበያ ላይ አለ። ጉድጓዱ ውስጥ አንድ የብረት እግር ጎልቶ የወጣበት የፈረንሳዩ ነው። ኧርዙ ያ እግር ነው። የብዙ አዳዲስ ዕቃዎች ወንዴ ለሁለቱም እንዲሆን ጎኑ ላይ ብረት፣ ፊቱ ላይ ቀዳዳ አለው። ሦስት ክብ ቀዳዳ በአንድ መስመር የተደረደረበት ካጋጠማችሁ ደግሞ የጣሊያን ነው። የ10 አምፒሩና የ16 አምፒሩ ቀዳዳ መጠን ስለሚለያይ አንዱ የሌላውን ወንዴ አይቀበልም።

መርካቶ ስትሄዱ ካርቶኑን አትመኑ፤ ዕቃውን አስወጥታችሁ ገልብጡት። «16A 250V» (16 አምፒር፣ 250 ቮልት) የሚለው ጽሑፍ ገላው ላይ መቀረጽ አለበት። ትንሽ ማግኔት ያዙ። እግሮቹን የሚይዙት ውስጠኛ ብረቶች ናስ ከሆኑ ማግኔት አይስባቸውም። ዙሪያውን ያለው መያዣ ፍሬም ቢሳብ ግን ችግር የለውም፤ ከብረት ነው የሚሠራው። እኔ የገዛሁበት ሱቅ ባለቤቱ ያለ ምንም ማጉረምረም ሦስት ዓይነት ፈትቶ አሳየኝ። ሌላ ሱቅ ውስጥ ካርቶኑን ለመክፈት ስጠይቅ «እህቴ፣ ሁሉም አንድ ነው» ተብዬ ነበር። አንድ አይደለም።

ምጣድን እዚህ ውስጥ አታስገቡት። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፒር ይጎትታል። ሹኮ የሚችለው ጫፍ ድረስ ማለት ነው፤ እንጀራ ደግሞ በአምስት ደቂቃ ተጋግሮ አያልቅም። ምጣዱ ከብሬከሩ በቀጥታ የሚመጣ የራሱ ወፍራም መስመር ይኑረው።

ሹኮው ላይ ያለኝ ቅሬታ ሁለት ነው። ዋጋው ከሌላው እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ጀርባውም ወፍራም ስለሆነ ግድግዳው ውስጥ ያለው ሳጥን ጥልቀት ከሌለው ሽቦዎቹ ይጨናነቃሉ። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን አሮጌ ሶኬት አስፈትታችሁ ሳጥኑን ለኩ፤ ክብ ይሁን አራት ማዕዘን፣ ምን ያህል ጥልቀት እንዳለውም ያዙ። አራት ማዕዘን ከሆነ 86 በ86 ሚሊ ሜትር ፊት ያለው ሹኮም ስለሚሠራ እሱን ጠይቁ፤ ግድግዳ መፈልፈል አያስፈልጋችሁም።