ያገለገለ 2.5 ኪሎዋት የቻይና ጄኔሬተር፣ ከመግዛቴ በፊት ያየሁት
ሰንዳፋ ዶሮ ነው የማረባው፣ ባለፈው ክረምት አንድ ማታ መብራት ሄዶ ሳይመጣ አደረና የአንድ ሳምንት ጫጩቶቼን ብርድ ጨረሰብኝ። ጠዋት ጥግ ላይ ተደራርበው ሳያቸው ያለቀስኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። አዲስ ጄኔሬተር አቅሜ ስላልሆነ ያገለገለ መፈለግ ጀመርኩ።

እዛው አካባቢ አንድ ልጅ በ28 ሺህ እሸጣለሁ አለ። ደውዬ "እስክመጣ እንዳታስነሳው" አልኩት፣ ምክንያቱም የደከመ ሞተር የሚያስቸግረው በቀዝቃዛው ነው፣ አስቀድሞ ካሞቁት ምኑንም አታውቁም። ስደርስ መጀመሪያ ማርሚታውን፣ የጭስ ማውጫውን ማለቴ ነው፣ ነካሁት፣ ቀዝቃዛ ነው። ገመዱን ሦስቴ ስቦ አስነሳው፣ ጥሩ።

ከዛ አጥፍቶት ካንዴላውን (ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭረውን) አስፈታሁት፣ ጥላሸት ለብሷል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይደነግጣል ግን ረጋ በሉ፣ ሰንዳፋ ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ደግሞ ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ደረቅ ጥቁር ከሆነ ይጸዳል። የሚያስፈራው በዘይት ርሶ ጭሱም ሰማያዊ ሲሆን ነው፣ ያኔ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል ማለት ነው።

ከፍታው ጉልበቱንም ይቀንሰዋል፣ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ፣ እና 2.5 የተባለው እኛ ጋ 2 እንኳን አይሞላም። እኔ ጫጩቶቹን የሚያሞቅ ባለ 250 ዋት አራት አምፖል ነው የማበራው ይበቃኛል፣ ምጣድ የምታስቡ ግን እርሱት።

ከቤት ካውያና ቴስተር ይዤ ነበር የሄድኩት። ባዶውን 230 ቮልት ቢያሳይ ምንም ማለት አይደለም፣ ጭነት ሲያገኝ ነው የሚታወቀው። ካውያውን ስሰካ ሞተሩ ትንሽ አቃሰተና ተስተካከለ፣ ቴስተሩ 218 ላይ ቆመ፣ ግማሽ ሰዓት አስቆየሁት። ልጁ "እህቴ ቤንዚኑን ጨረሽው እኮ" አለኝ፣ የቤንዚኑን ከፈልኩት።

ጉድለት አለው፣ የቤንዚን ታንከሩ ውስጡ ዝጓል፣ ዝገቱ ወርዶ ካርቡሬተር ይደፍናል። በስልክ መብራት አሳየሁትና 24 ሺህ ላይ ተስማማን፣ ታንከሩን አሳጥቤ ፊልትሮ ቀየርኩ። ድምፁ ከባድ ነው፣ እሱን አልዋሽም። ደግሞ እባካችሁ ቤት ውስጥም ዶሮ ቤት ውስጥም እንዳታስነሱ፣ ጭሱ ሰው ይገድላል፣ እኔ ውጭ አስቀምጬ 15 ሜትር ገመድ ነው የሳብኩት።

ባለፈው ሳምንት መብራት ሌሊት 6 ሰዓት ሄዶ ከነጋ ነው የመጣው። ቴርሞሜትሩ 33 ላይ ነበር፣ አንድም ጫጩት አልሞተብኝም።