ገመድ ወይስ ጉባኤ? የዓለም ታሪክ በ7ኛ ክፍል

ለሰባተኛ ክፍል ልጆች የዓለም ታሪክ ሳስተምር ሁለት ነገር ሞክሬያለሁ። አንዱ ገመድ፣ ሌላው የበርሊን ጉባኤ (የውጭ መንግሥታት አፍሪካን በምን ደንብ እንደሚቀራመቱ የተስማሙበት ስብሰባ) ትወና። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ገመዱ ቀላል ነው። 5 ሜትር ሲባጎ፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ ቁርጥራጭ ወረቀት፣ በቃ። 1 ሜትር ለ1000 ዓመት። የጊዛው ትልቁ ፒራሚድ ከክርስቶስ ልደት በፊት 2560 ገደማ ላይ ይሰቀላል፣ ክሊዮፓትራ የሞተችበት ከልደት በፊት 30 ላይ፣ ሰው ጨረቃን የረገጠበት 1969 ጫፉ ጋ። ከዚያ ለኩ በሏቸው። ክሊዮፓትራ ከፒራሚዱ 2 ሜትር ተኩል ትርቃለች፣ ከጨረቃው 2 ሜትር ብቻ! "ቲቸር፣ ተሳስተናል" ብለው እንደገና ይለካሉ። ድክመቱ ግን "መቼ" እንጂ "ለምን" የሚለውን አይነካም።

ትወናው ጣጣ አለው። ይንጫጫሉ፣ ጎረቤት ክፍል ይማረራል፣ ደወሉ ሳታስቡት ይደወላል። ግን 14 ልጆች የ1884ቱ ጉባኤ መንግሥታት ሆነው ካርታ ዙሪያ ሲቀመጡ፣ የቀሩት አፍሪካ ሆነው ትንፍሽ ሳይሉ ግድግዳ ተደግፈው ሲያዩ፣ አንዷ መታገሥ ያቅታትና "እኛንስ ማን ጠየቀን?" ትላለች። በጉባኤው አንድም የአፍሪካ ተወካይ አልነበረማ! (ድንበሩ በአብዛኛው የተሰመረው ከጉባኤው በኋላ መሆኑን አትርሱ፣ እዚያ የተስማሙት በደንቡ ነው።) የ1896ቱን አድዋ የማነሳው ያኔ ነው።

አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ካላችሁ ገመዱን ያዙ። ሁለት ካገኛችሁ ግን እኔ ጫጫታውን እመርጣለሁ።