ለጅማ ዙሪያ የእግር ጉዞ፦ ስልክ፣ ኢትሬክስ 10 ወይስ 22ኤክስ?

የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት ጅሬን ለሚወጣ ሰው እንደ ጋርሚን ኢትሬክስ ያለ ጂፒኤስ (በእጅ የሚያዝ፣ በሳተላይት ያሉበትን ቦታ የሚያሳይ መሣሪያ) መግዛት ብር መበተን ነው፤ መንገዱን ያገኙት ሁሉ ያሳይዎታል። በለጠ-ጌራ ደን ሲገቡ ግን ነገሩ ይለያል። ዛፉ ሰማዩን ይጋርዳል፣ የከብት መሄጃው እርስ በርስ ይምታታል፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ ዝናቡ ፋታ አይሰጥም።

መንገድ ለማቀድ ስልክን የሚያክል የለም። ኦስማንድ ወይም ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባለውን የካርታ መተግበሪያ ጭነው ካርታውን ከተማ ሳሉ ያውርዱ፤ ከዚያ ወዲያ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል። በቴሌግራም የደረስዎትን የጂፒኤክስ ፋይልም (መንገድና ነጥቦች የሚቀመጡበት ፋይል ነው) እዚያው ይከፍቱታል። የሚያሳጣው ባትሪው ነው። እርጥብ ስክሪን ደግሞ ጣት አይሰማም።

የጋርሚን ኢትሬክስ 10 ካርታ አይጫንበትም፣ የሜሞሪ ካርድ ማስገቢያም የለውም። የቡና ማሳ ጥግ ለመመዝገብ ይበቃል፤ ለማያውቁት ጫካ ግን አልመክረውም።

ደን ለሚያዘወትር የእኔ ምርጫ ኢትሬክስ 22ኤክስ ነው። በሁለት ደብል ኤ ባትሪ ድንጋይ እስከ 25 ሰዓት ይሄዳል፤ ድንጋዩ ደግሞ የትም ሱቅ አይጠፋም። በቁልፍ ስለሚታዘዝ እጅ ቢረጥብም ግድ የለውም። 8 ጊጋባይት አለው፣ ሜሞሪ ካርድም ይቀበላል። አሰልቺው መጫኑ ነው፦ ከስልክ በቀጥታ አይቀበልም፣ ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ ገመዱም ሚኒ ዩኤስቢ ስለሆነ የዛሬ ስልክ ቻርጀር አይገባበትም። ሲገዙ ገመዱ አብሮ መኖሩን ይዩ። ፋይሉን ጋርሚን በሚለው ፎልደር ውስጥ ካለው ጂፒኤክስ ፎልደር ይገለብጡታል፣ አለቀ።

ፋይሉን ሲያዘጋጁ ግን «ሩት» ሳይሆን «ትራክ» አድርገው ያስቀምጡት። ሩት ጥቂት ነጥቦች ብቻ ስለሚይዝ መሣሪያው በመካከላቸው የራሱን መንገድ ያሰላና ወደ መኪና መንገድ ሊጎትትዎ ይችላል፤ አለዚያም ገደል ሳይል ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል። ትራክ የተሠመረውን ጥምዝ እንዳለ ያሳያል። አንድ ትራክ ከ10,000 ነጥብ እንዳይበልጥ ብቻ ይጠንቀቁ።

ኢትሬክስ 32ኤክስ የሚባለው ሞዴል ኮምፓስና የአየር ግፊት ከፍታ መለኪያ ይጨምራል። የ22ኤክስ አቅጣጫ ጠቋሚ ቀስት ቆመው ሳለ ይዋዥቃል፣ ጥቂት እርምጃ ሲራመዱ ግን ይስተካከላል፤ ለዚህ ብዬ ተጨማሪ ብር አላወጣም።

ከድሮ የወረቀት ካርታ ነጥብ እያነበባችሁ የምታስገቡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ካርታው አዲንዳን የሚል ከሆነ የመሣሪያውን ዳተም (የቦታ ነጥቦች የሚለኩበትን መነሻ) ወደዚያው ቀይሩት፤ ጂፒኤስ በተለምዶ በሚጠቀምበት ዳተም፣ በደብሊውጂኤስ 84፣ ከተዋችሁት ነጥቡ ከመቶ ሜትር በላይ ይስታል።