የድሬዳዋው የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና፦ ደረት መጫኑ ጥሩ፣ ሙቀቱ የተዘለለ

ታኅሣሥና ሐምሌ 19 ቁልቢ ለሚሰማሩ በጎ ፈቃደኞች ድሬዳዋ ላይ የሚሰጠው ይህ ሥልጠና ልቡ ለቆመ ሰው በሚደረገው ደረት መጫን ላይ ይበረታል። በመለማመጃው አሻንጉሊት ላይ 30 ጊዜ መጫን፣ 2 ትንፋሽ፤ ጥልቀቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120። ሰልጣኝ የሚሳሳተው ክርኑን አጥፎ ሲጫን ነው፤ ጉልበቱ ክንዱ ላይ ያልቃል፣ ደረቱም በቅጡ አይወርድም። አሰልጣኞቹ ይህን ቶሎ ያርማሉ፤ በየ2 ደቂቃውም የሚጫነውን ሰው ያቀያይራሉ።

በሙቀት ተመትቶ የሚወድቅ ሰው ጉዳይ ግን በወሬ ታልፏል፤ ያውም በድሬ ፀሐይ! ራሱን የሳተ ሰው ውሃ ከተጋተ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ጥላ ውስጥ ማስገባት፣ ልብስ ማላላት፣ ውሃ እያርከፈከፉ ማራገብ በተግባር መሠራት ነበረበት። ቃሬዛም ለ4 ተሸክሞ በሕዝብ መሃል መውጣት አልተሞከረም።