ተባይ የሚረጩ ልጆች ጠርተን ነበር፦ ለበረሮው እሺ፣ ለተርቡ ግን አይሆኑም

ከክረምቱ ወዲህ ቤታችን የነፍሳት መናኸሪያ ሆኖ ሰነበተ። ማድቤት በረሮ፣ ስኳር ዕቃው ላይ ጉንዳን፣ በረንዳው ጣሪያ ስር ደግሞ ተርብ። ፍሊት መግዛት ሲሰለቸን ቤት ለቤት እየዞረ የሚረጭ አንድ ድርጅት አስጠራን። ስሙ ይቆየን።

ከጥሩው ልጀምር። በሰዓታቸው መጡ፤ ይሄ አዲስ አበባ ውስጥ ቀላል ነገር አይደለም። ጨዋ ልጆች ናቸው፣ ሥራም አይንቁም። ሲንኩ ስር፣ ፍሪጁ ጀርባ ሞተሩ የሚሞቅበት ቦታ፣ የካቢኔቱ በር የሚታጠፍበት ስንጥቅ ድረስ ገብተው ረጩ። በነጋታው ጠዋት የጠረግኩት በረሮ ጉድ የሚያሰኝ ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። በስልክ የነገሩን ዋጋ ሌላ፣ ቤቱን አይተው የጠሩት ሌላ። ይሁን፣ እሱን ለምደነዋል። ያናደደኝ መድኃኒቱ የመጣው በሃይላንድ መሆኑ ነው! ጽሑፍ የለው፣ ስም የለው። "ምንድነው ይሄ?" ስላቸው "አያሳስብሽ ማዘር፣ የውጭ ነው" አሉኝ። ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ መርዝ በውሃ ጠርሙስ ይዞ መግባት ምን ማለት ነው? ሮቶውን ሸፍኑ፣ ሳህንና ድስት አውጡ ያለንም የለም፤ እኔው ነኝ ሸራ ፈልጌ እየሮጥኩ ያለበስኩት።

ደግሞ አንዴ ረጭተው ጠፉ። ማድቤት የምትራባው ያቺ ትንሿ ቡኒ በረሮ በአንድ የእንቁላል ከረጢት ብቻ ከ30 እስከ 40 እንቁላል ትይዛለች፣ ርጭቱ ደግሞ ከረጢቱ ውስጥ እምብዛም አይገባም። ስለዚህ ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ ያልረጨ ሰው ግማሽ ሥራ ነው የሠራው። እኛም ጋ ጫጩቶቹ ብቅ ማለት ሲጀምሩ ስልክ ብንደውል የሚያነሳ ጠፋ። የጨረሰልኝ በመርፌ የሚሸጠው ጄል ነው። ትንሽ ትንሽ ጠብታ በየስንጥቁ ታደርጋላችሁ። በረሮዋ በልታው ወዲያው አትሞትም፣ ጎሬዋ ገብታ ነው የምትሞተው፤ የእሷን ኩስና ሬሳ የበሉት ደግሞ ይከተሏታል። ጄል ያለበት ቦታ ላይ ግን ፍሊት እንዳትነፉ፣ ከዚያ በኋላ አይቀምሱትም። ትኋን ካለባችሁ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ የሚፈልገው ደም ነው እንጂ ጄል አይደለም። ለዝንብና ለትንኝ ደግሞ መስኮታችሁ ላይ ወንፊት ሽቦ አስመቱ፣ አለቀ።

ተርቡ ጋ ስንመጣ ነው ጉዱ። አንደኛው ጎጆ ልጆች ከሚወጡ ከሚገቡበት በር በላይ ስለነበር መነሳቱ ግድ ነበር። ንብ አንዴ ስትነድፍ መንደፊያዋ ቆዳ ውስጥ ተሰክቶ ይቀርና እሷም ትሞታለች፤ ተርብ ግን ደጋግማ መንደፍ ትችላለች። እነዚህ ልጆች ታዲያ ጎጆውን በጠራራ ፀሐይ፣ በስድስት ሰዓት ረጩት። በዚያ ሰዓት ስንቱ ተርብ አደን ወጥቷል! ማምሻውን ሲመለሱ ቤታቸውን አጡና በሩ ላይ እየዞሩ አስቸገሩን፤ ለቀናት በጓሮ ስንገባ ስንወጣ ሰነበትን። የተርብ ጎጆ የሚነካው ሲመሽ ነው፣ ሁሉም ገብተው ብርዱ ሲያደነዝዛቸው። የገጠር ልጅ የሚያውቀውን ነገር ለዚሁ ተብሎ የሚከፈለው ሰው እንዴት አያውቅም?

ሁለተኛው ጎጆ ሰርቪስ ቤቱ ጀርባ ቆርቆሮው ስር ነው የተንጠለጠለው። "ማዘር፣ እሱንም በነካ እጃችን እንጨርሰው?" አለኝ አንዱ፣ ሂሳቡ ላይ ሊጨምር። ተወው አልኩት። በዚያ በኩል ሰው አያልፍም፣ ተርብ ደግሞ ጎጆዋን ካልነኩባት ሰው ላይ አትመጣም። እስቲ ቁጭ ብላችሁ እዩዋት። የአጥሩ እንጨት ላይ ቆማ በአፏ ስትፍቅ ድምጿ ሁሉ ይሰማል፤ ፍቅፋቂውን በምራቋ ለውሳ ነው ያንን ግራጫ ቤት የምትሠራው። ጎመኔ ላይ ደግሞ ቅጠል በቅጠል እየዞረች አረንጓዴውን ትል ትፈልጋለች። ስታገኘው ትቆራርጠውና አድቦልቡላ ለልጆቿ ይዛ ትበራለች። በነፃ! ስንቱ ሰው ነው ለጎመን ትል መድኃኒት ገዝቶ ረጭቶ መልሶ ያንኑ የሚበላው። ቤታችሁ ውስጥ ሲነደፍ ፊቱ የሚያብጥ ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ ግን ይሄን ምክሬን እርሱት፣ ሁሉንም አስነሱ።

ከአምስት ኮከብ ሁለት ሰጥቻቸዋለሁ። ለሁለተኛው ዙር ስልኩን ቢያነሱልኝ ኖሮ ሦስት አደርገው ነበር፤ የሃይላንዱን ነገር ግን ምንም አያስረሳኝም።